ባቡሩ ለምን ዝግ ይላል?



ጠዋት በረሆቮት ባቡር ጣቢያ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ዓይኑን ከሰዓቱ አይነቅልም። ተሳፍሮም ባቡሩ መንገድ ላይ ዝግ ሲል፣ «ይኼ ነጂ ምን ነካው?» እያለ ያጉረመርማል። ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። ሥራ ዘግይቶ የሚገባ ሠራተኛ፣ በተለይም አዲስ ገቢ፣ አለቃው ምን እንደሚለው ያውቃል። ሆኖም ነጂውን «ፍጠን» የምንለው በማን ሕይወት ነው?

ባቡር ኩርባ ላይ ሲደርስ ወደ ውጭ ይገፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የፍጥነት ገደብ የሚወሰነውም ስለዚህ ነው።

በጥር ወር 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1985) በኢትዮጵያ፣ አዋሽ አጠገብ፣ አንድ ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ድልድይ ላይ ካለ ኩርባ ደረሰ። ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ።

በጃፓን አገር፣ በአማጋሳኪ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 2005 ደግሞ አንድ ባቡር አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ዘግይቶ ነበር። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ብቻ በሚፈቀድበት ኩርባ በ116 ገባ። ነጂውን ጨምሮ 107 ሰዎች አለቁ። መርማሪዎች እንዳሉት፣ ነጂው የሚጠብቀውን ቅጣት ሲያስብ ልቡ ሳይከፈል አልቀረም።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ፍሬኑ በእጁ ስለ ነበር የነጂው ብቻ ነው ማለት ይቀላል። ነገር ግን ሠራተኛውን ስለ ጥቂት ደቂቃ የሚያስፈራራ አለቃም ድርሻ አለው። «ቶሎ በል» እያልን የምንጮህ ተሳፋሪዎችም ከድርሻው አናመልጥም። ከኋላ ያለችው ሕፃን ያዘለች እናት አልቸኮለችም፤ አደጋው ሲመጣ ግን እርሷንም አይለይም።

መዘግየት ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። የሰዓት ደመወዝተኛ እንጀራው ይጎድልበታል። ይሁን እንጂ ይህን ጉዳት መሸከም የሚገባው አቅም ያለው ነው። ቀጣሪ ቢነግሩት ሊረዳ ይችላል፤ ኩርባ ግን ልመና አይሰማም። ስለዚህ አቤቱታችንን ለነጂው ሳይሆን ለቀጣሪው እናቅርብ።

አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የጠፋ ነፍስ ግን አይመለስም። ነገ ባቡሩ ዝግ ሲል ልጆቻችን «ለምን?» ቢሉን፣ «ለእኛ ሲል ነው» ብለን እንንገራቸው።

መልካም መንገድ።