ከጉባኤ ስለ መራቅ

ወንድሜ ሆይ፤ ሰው ከማኅበሩ የሚርቅበት ምክንያት ሁለት ነው፤ አንዱ ከመናቅ፥ ሁለተኛው ከመውደድ የሚመጣ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ በታወቀ ጊዜ፥ መሰብሰብ ባልንጀራን የሚጎዳ ሆነ፤ መራቅም የፍቅር ሥራ ሆነ። የአፍሪካ ኅብረት እንኳ በአዲስ አበባ ያደርገው የነበረውን የመሪዎች ጉባኤ፥ ጥር 29 እና 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በኢንተርኔት አደረገው።

ነገር ግን አስተውል። መሪዎቹ የተለያዩት በቦታ ነው እንጂ በቃል አይደለም። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያለውን የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ግን አስብ። ሥርዓቱ ለባለጠጋም ለድኻም አንድ ድምፅ ይሰጣል። ጉባኤው በኢንተርኔት ብቻ ቢሆን፥ በከተማ ያለው ስልኩን ከፍቶ ይገባል፤ በቆሎና ጤፍ የሚያመርተው፥ ኢንተርኔት የሌለው ገበሬ ግን ከደጅ ይቀራል። እርሱ ሳይሰማ የተቈረጠው ነገር የማኅበሩ ነው ይባላልን? አይባልም፤ የጥቂቶች ነው እንጂ።

እንግዲህ በበሽታ ዘመን ጉባኤን ማራቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ጸሐፊው የሚመከረውን አስቀድሞ ጽፎ ለየቀበሌው ይላክ፤ ሐዋርያው ጳውሎስም መምጣት ባልቻለ ጊዜ መልእክት ይልክ ነበር። የታመኑ ሰዎች በሜዳ ተራርቀው ቆመው የእያንዳንዱን ቃል ይቀበሉ። መልሱ እስኪደርስ ነገሩ አይቈረጥ፤ ሊቈይ የሚችለውም ይቈይ። የባልንጀራህን ሕይወት ለመጠበቅ ስትርቅ፥ ድምፁንም ጠብቅለት።