የሚበቃ ጉልበት

በፔዳል የሚሄድ ብስክሌት ሞተርና ባትሪ ሲገጠምለት መጀመሪያ የሚወሰነው የሞተሩ ጉልበት ነው። ውሳኔውም ለአንድ ሰው የሚበቃው ምን ያህል ነው የሚለውን የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ይዞ ይመጣል። አርስቶትል ለኒቆማኮስ በተሰየመው የሥነ ምግባር ድርሳኑ፣ ልክ የሚባለው ብዙውንና ጥቂቱን ደምሮ ለሁለት በመክፈል እንደማይገኝ በምግብ ምሳሌ ያስረዳል፤ ለትግል ስፖርተኛው ሚሎ የሚያንሰው ድርሻ ልምምድ ለጀመረ ሰው ይበዛል።

በብስክሌትም ልኩ የሚታወቀው ከነጂው፣ ከጭነቱና ከመንገዱ ነው። ነጂውን ጨምሮ 100 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት 6 በመቶ ዳገት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲወጣ፣ ለሽቅቡ ብቻ 245 ዋት ገደማ ይፈጃል። ሜዳ ላይ የሚያስቸግረው አየሩ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ስለሚሆን፣ ለፍጥነት ተብሎ የሚጨመር ዋት በአብዛኛው በነፋስ ይበላል።

ጉልበት ሲጨምር ሌላው ዕቃም አብሮት መጠንከር አለበት። ከሞተሩ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ይልቅ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር የሚለቀውን ማየት ይሻላል፤ በ48 ቮልት 20 አምፔር የሚያሳልፍ ኮንትሮለር ከባትሪው 960 ዋት ይስባል፤ ያን ያህል ለመስጠት ያልተሠራ ባትሪ ደግሞ ይግላል። በጎማው መካከል የሚገባ ኃይለኛ ሞተር ዘንጉን ወደ ኋላ ለማዞር ይታገላል፤ ዘንጉን ከፍሬሙ ጋር አጥብቆ የሚይዝ የብረት ክንድ ከሌለው ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ፍሬኑም በፔዳል ብቻ ለሚሄድ ብስክሌት የተሠራ ነው።

ልክን በባለቤቱ ብቻ መለካት ግን አይበቃም፤ በዚያው መንገድ ላይ እግረኛም አለና። የቀድሞው ካቶሊካዊ ካህን ኢቫን ኢሊች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስለ ኃይልና ፍትሕ በጻፈው መጽሐፍ፣ መጓጓዣ ከተወሰነ ፍጥነት ሲያልፍ የአንዱ ችኮላ የሌላውን ጊዜና ቦታ እንደሚቀማ ተከራክሯል። ድንበሩን በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ አድርጎታል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ለፔዳል አጋዥ ሞተር 250 ዋት ቀጣይ ጉልበትና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ወስኗል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 750 ዋትና በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል።

የኢሊች ሙግት ጠንካራ ነው፤ የሚነካው ግን ፍጥነትን ነው። ሁለት ልጆች ጭና ዳገት የምትወጣ እናት ወይም ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት ብዙ ዋት ቢጠቀሙ ከእግረኛው የሚቀሙት ነገር የለም። ስለዚህ ፍትሕ የሚጠይቀው ፍጥነትን መገደብ ነው፤ ጉልበትን በዚያው መጠን ማሳነስ ሸክሙን በደካማው ላይ ይጥላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ነጂ በፔዳሉ መካከል የሚገጠም ሞተር ይስማማዋል፤ የብስክሌቱን ማርሽ ስለሚጠቀም በዝግታ እየሄደ ዳገቱን ይገፋል፤ ሰንሰለቱና ጥርሶቹ ግን ቶሎ ያልቃሉ።