«ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ»፦ ጓሮውን ያጠበበው ማነው?

«ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ» የሚለውን ተረት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደገኛ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ከመካነ ሰላም ወጣ ሲሉ የቦረና ምድር ወደ ዓባይ በረሃ ይሰበራል፤ የሳይንት ደጋም በሰሜን በኩል ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል። እንዲህ ባለ አገር መሸፈት ማለት በሌሊት ገደል መውረድ፣ ዋሻ መያዝ፣ ከማዶ የሚመጣው ወዳጅ ይሁን ጠላት ከሩቁ መለየት ነው። ዐይኑን ያጣ ሰው ቢቆጣና ቢዝት መውጫ መግቢያውን አያውቀውምና አመፁ ከቤቱ ጀርባ ያበቃል። አበው ይህን የተናገሩት ስለ ዐይነ ስውር ብቻ አይደለም፤ ስንቅና ወገን ሳይዝ የሚፎክረውን ሁሉ የሚገሥጹበት ቃል ነው። አቅም የሌለው ቁጣ ሩቅ አያደርስም ማለታቸው እውነት ነው። የተሳሳቱት አቅምን ከሰው ገላ ውስጥ ብቻ በመፈለጋቸው ይመስለኛል። ሰውን ከጓሮው የሚያሻግረው ወይም እዚያው የሚያስቀረው፣ በዙሪያው ያሉት ሰዎች የከፈቱለት ወይም የዘጉበት መንገድ ነው። ይህን ለመፈተን ደግሞ አካላቸውም ማኅበረሰቡም በአንድነት «ከዚህ አትለፉ» ያሏቸውን ሴቶች ያህል ጥሩ ምስክር የለም።

ከሩቅ እንጀምር። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሐሪየት ማርቲኖ እ.ኤ.አ. በ1802 ተወለደች። ገና በወጣትነቷ ጆሮዋ ከበደ፤ ሰው ሲያናግራት ቀንድ መሰል ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ትደግን ነበር። በ1829 የቤተሰቡ ንግድ ሲከስር በብዕሯ ማደር ግድ ሆነባት። በ1839 «ዲርብሩክ» የተባለውን ልብ ወለዷን ባሳተመችበት ዓመት ቬኒስ ላይ በጠና ታመመች፤ ከዚያም ታይንማውዝ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አምስት ዓመት ያህል ከአንድ ቤት ሳትወጣ ኖረች። ያለችበት ጓሮ በእርግጥ ጠባብ ነበር። ነገር ግን በ1841 ከዚያው አልጋ ላይ ሆና ያወጣችው ልብ ወለድ የሄይቲን ባሮች ለነጻነት ስለመራው ስለ ቱሴን ሉቨርቱር ነበር። በመስኮቷ ላይ በተከለችው የርቀት መነጽር የባሕሩንና የማዶውን ሰው ሥራ ትከታተል ነበር። በ1844 ደግሞ ሕመምተኛ ከክፍሉ ሆኖ ዓለምን እንዴት እንደሚያይ የሚተነትን መጽሐፍ አሳተመች። በ1855 ልብሽ ታሟል ሲሏት ሞቴ ቀረበ ብላ የሕይወት ታሪኳን ጻፈች፤ ሆኖም እስከ 1876 ድረስ 21 ዓመት ቆየች።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከዓባይ ማዶ በጎጃም፣ በጽላሎ፣ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን እናገኛለን። የቅኔ መምህር ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ዐይናቸውን አጡ፤ በኋላ ግን ራሳቸው ቅኔ አስተምረው ብዙ ወንዶችን ለመምህርነት አብቅተዋል። ሴት ለጉባኤ ወንበር በማትታሰብበት ዘመን ይህ እንዴት ሆነ? መልሱ ያለው በትምህርቱ አሰጣጥ ውስጥ ነው። ተማሪው ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፣ ከዚያ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርማል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ረጅሙ መወድስ ድረስ ጉባኤው የሚሠራው በጆሮና በልብ ነው። እማሆይ ከአባታቸው ደጅ ሆነው ሊሰሙት የሚችሉት ትምህርት ነበርና ዐይን ማጣታቸው ከሊቅነት አላገዳቸውም። ተሰጥኦአቸውን ማንም አይክድም፤ ግን ያንኑ ተሰጥኦ ይዘው በብራና ጽሕፈት ቤት ቢወለዱ ኖሮ ተረቱ በእሳቸው ላይ በሠራ ነበር።

ከሁሉ የሚቀርበን ምስክር የሳይንቷ ልጅ ናት። የትነበርሽ ንጉሤ በ1974 ዓ.ም. በአማራ ሳይንት ተወለደች፤ በአምስት ዓመቷ ዐይኗን አጣች። በአካባቢው ሴት ልጅ ገና በለጋነቷ ትዳር ነበር፤ ዐይነ ስውሯን ግን ለሚስትነት የሚያጫት አልነበረም። እናም ሻሸመኔ ወደሚገኘው የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተላከች። ብሬል ተማረች፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች፣ የአካል ጉዳተኞችን መብት ከልማት ሥራ ጋር የሚያስተሳስር ማዕከል ካቋቋሙት አንዷ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2017 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ከተቀበሉት መካከል ነበረች። እርሷ ራሷ ዐይነ ስውርነቷ ከልጅነት ጋብቻ እንዳዳናት በአደባባይ ተናግራለች።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ «እነዚህ ከሺህ አንድ ናቸው፤ ተረት የሚናገረው ስለ ብዙኃኑ ነው» የሚል። ብዙኃኑ ከጓሮ እንዳላለፉ እቀበላለሁ። ሆኖም ሦስቱን ሲመረምሯቸው ከተሰጥኦ ጎን በጣት ሊቆጠር የሚችል ድጋፍ ይገኛል። ማርቲኖን በአቅራቢያዋ የሚኖረው ሐኪሙ የእህቷ ባል ያክማት ነበር፣ ወዳጆቿም ገንዘብ አዋጥተውላታል። እማሆይ አባትና ጉባኤ ነበራቸው። የትነበርሽ ብሬል የሚያስተምር ትምህርት ቤት አገኘች። ብርቅ የነበረው ድጋፉ ነው፤ ድጋፉ ለጥቂቶች ብቻ ስለ ደረሰ ያለፉትም ጥቂቶች ሆኑ። የብዙኃኑ መቅረት እንግዲህ ስለ ዐይናቸው ከሚመሰክረው ይልቅ ስለ እኛ የሚመሰክረው ይበልጣል።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ «ታዲያ ሕመም በረከት ነው ልትለን ነው?» የሚለው። አይደለም። ማርቲኖ ሥቃይዋን የምታስታግሠው በኦፒየም ነበር፤ ዐይን ማጣትም በምንም ቃል የሚሸነገል ጉዳት አይደለም። የየትነበርሽ ታሪክ የሚከሰው ጤነኛዋን ልጅ የሚድረውን ሥርዓት ነው። ዐይኗ የጠፋው ተምራ ዐይናማዎቹ እኩዮቿ በአሥራዎቹ መባቻ ከተዳሩ፣ ጓሮው ውስጥ ተዘግቶባቸው የቀሩት ዐይናማዎቹ ናቸው። የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ያደረገው ይህን አጥር ለመንቀል ነው። በአማራ ክልል ትራኮማ ከወንዱ ይልቅ ሴቷን አብዝቶ የሚያሳውረው ሕፃናቱን የምታስታምመው እርሷ ስለሆነች መሆኑም የሚያሳየው ያንኑ ነው፤ ጉዳቱ ራሱ ማኅበረሰቡ ያከፋፈለውን የሥራ ድርሻ ተከትሎ ይመጣል።

ስለዚህ ተረቱ ይጣል አልልም፤ ተግሣጹ ለሚገባው ይሁን እላለሁ። ስንቅ ሳይሰጡ ከመንገድ መቅረቱን በሰውዬው ገላ ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ነው። በቦረናና በሳይንት ቀበሌዎች ዐይነ ስውር ልጅ ከቤት ስትቀር፣ ጥያቄው ለልጅቱ ሊቀርብ አይገባም። ብሬል የሚያውቅ መምህር ያልመደበው፣ ጸጉሩ የሚወጋትን የዐይን ቆብ በጊዜ ያላሳከመው፣ ልጁን ለመዳር የቸኮለው ሁሉ መልስ ይስጥበት። የሳይንቷ ልጅ እስከ ዓለም መድረክ የደረሰችው ዐይኗ ተመልሶላት አይደለም፤ አንድ ትምህርት ቤት በሩን ስለከፈተላት ነው። ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋን ለማድረስም የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ የቀረው ማድረግ ነው።