ጥፋተኛው ከተገኘ በኋላ

አንድ ሥራ ሲበላሽ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን አጠፋ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ባለቤት ያልተገኘለት ጥፋት ነገ ተመልሶ ይመጣልና። ነገር ግን መልሱ የተገኘ በመሰለ ጊዜ ልብ ያርፋል፤ ልብ ሲያርፍም ምርመራው በዚያው ይቆማል። ስለዚህ ጠባያችን ባሰብሁ ቍጥር ትዝ የሚለኝ ቬጋ ሲ የተባለው የአውሮፓ ሮኬት አወዳደቅ ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ።

በዲሴምበር 20 ቀን 2022 ማታ፥ በደቡብ አሜሪካ በፈረንሳይ ጊያና፥ ኩሩ ከሚባለው ስፍራ፥ ይህ ሮኬት ሁለት ሳተላይቶች ተሸክሞ ተነሣ። የፊተኞቹ ጸሐፊዎቻችን ሳተላይትን «ሰው ሠራሽ ጨረቃ» ይሏት ነበር፤ እኔን ይህ ስም ከዛሬው ይልቅ ደስ ይለኛል። ሁለቱ ፕሌያድ ኔዎ 5 እና 6 ይባላሉ። ኤርባስ የተባለው ኩባንያ በገዛ ገንዘቡ ያሠራቸው፥ ከሰማይ ሆነው ምድርን ፎቶግራፍ እያነሡ ሥዕሏን ለገዢ እንዲያቀርቡ ነበር። በሥዕላቸው ላይ አንዲቱ ነጥብ በምድር ላይ 30 ሳንቲሜትር ብቻ ታህላለች። ታላላቆቻቸው፥ 3ኛውና 4ኛው፥ በ2021 በደኅና ወጥተው ነበር። እነዚህ ግን ምድርን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያዩ ቀሩ። የሮኬቱ የመጀመሪያ ክፍል ተግባሩን ፈጸመ፤ ሁለተኛው፥ ዜፊሮ 40 የሚሉት፥ ከተቀጣጠለ በኋላ በውስጡ ያለው የእሳት ግፊት መውረድ ጀመረ። ከተነሣ ገና 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ነበር። ሮኬቱ ከመንገዱ ስለ ወጣ እንዲጠፋ ታዘዘ፤ ስብርባሪው ከነጭነቱ አትላንቲክ ውቅያኖስ ገባ።

ምክንያቱን ለመረዳት የባለ እጁን ወናፍ ማሰብ ይበቃል። የወናፉ አፍ ጠባብ ስለ ሆነ ትንፋሹ በኀይል ይወጣል፤ አፉ ቢሰፋ ትንፋሹ ይላላል። በሮኬቱም እሳቱ የሚወጣው በጠባብ ጕሮሮ ነው፤ ጕሮሮውንም ብርቱ ሙቀት እንዲችል ከካርቦን የተሠራ ቀለበት ይጠብቀዋል። ያን ዕለት ቀለበቱ ከታሰበው በላይ በእሳት ተበላ፤ ጕሮሮው ሰፋ፤ ግፊቱም ወረደ።

የአውሮፓ የጠፈር ድርጅትና አሪያንስፔስ ያቋቋሙት መርማሪ ኮሚሲዮን በማርች 3 ቀን 2023 ውጤቱን አስታወቀ። የቀለበቱ ካርቦን አንድ ወጥ አልነበረም፤ ሞተሩን የሠራው የኢጣልያ ኩባንያ አቪዮ ቀለበቱን የገዛው በዩክሬን አገር ዩዥኖዬ ከተባለው ድርጅት ነው፤ በሞተሩ ንድፍ ግን ድካም አልተገኘም ተባለ። እነሆ፥ ጥፋተኛው ታወቀ። ያውም ሩቅ ነው፤ ያውም በጦርነት ውስጥ ነው። ዩዥኖዬ በሚገኝበት በድኒፕሮ ከተማ በዚያው ዓመት በጃንዋሪ አንድ ትልቅ የመኖሪያ ሕንጻ በሚሳይል ተመትቶ ነበር። ኮሚሲዮኑ ሐሰት ተናገረ አልልም። ነገሩን ከሩቅ የሰማ ሁሉ ግን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው፥ ዱላውን ለማንሣት የሚቀልለው ወደ ሩቁ መሆኑን መርሳት የለብንም።

በዚያው ሪፖርት ውስጥ፥ ብዙ ሰው ያለፈው መስሎኝ፥ ከሁሉ ይልቅ እኔን የያዘኝ ሌላ ቃል አለ። ቀለበቱን ለመቀበል ያገለገለው መመዘኛ፥ ቀለበቱ ለበረራ የሚበቃ መሆኑን ለማረጋገጥ በቂ አልነበረም ይላል። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን ቀስ ብለህ አስበው። ቀለበቱ ሳይመረመር አላለፈም፤ ተመርምሮ በደንቡ አለፈ። «ደንቡን ፈጽሜአለሁ» የሚል ሰው ቢኖር እውነቱን ነው። ጤፍ ገዝቶ የጆንያውን አፍ ብቻ እንዲያይ የታዘዘ ሠራተኛም አፉን አይቶ ቢቀበል ታዝዟል፤ ከታች ያለው አፈር ግን በመታዘዙ ጤፍ አይሆንም። እንግዲህ በደሉ የማን ነው? የሻጩ ነው፤ የተቀባዩም ነው፤ ጆንያው እስከ ታች እንዲታይ ያላዘዘውም ተካፋይ ነው። ከእነዚህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ስሙ አይነሣም፤ ጥፋተኛውን የሚፈልገው እርሱ ራሱ ነውና።

ታሪኩም በዚህ አላበቃም። በሌላ ካርቦን የተሠራ አዲስ ቀለበት ገጥመው፥ በጁን 28 ቀን 2023 በሳርዲኒያ ደሴት ሞተሩን በምድር ላይ አስረው ለኰሱት። እንደ ገና ተበላሸ። የዩክሬን ቀለበት በዚያ አልነበረም! ከዚህ በኋላ የጕሮሮው ቅርጽና የአዲሱ ካርቦን ጠባይ እንዳልተስማሙ ታወቀ፤ ንድፉም ሊታረም ግድ ሆነ። ይህ የፊተኛውን ቀለበት ነጻ አያወጣውም፤ አንዱ ጥፋተኛ በመሆኑ ግን ሌላው ንጹሕ እንዳልሆነ ያሳያል።

«እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ የሁሉ ነው ማለት ነው፤ የሁሉ የሆነ ደግሞ የማንም አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። ክርክሩ ብርቱ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ኀላፊነትን ለመበተን የሚጠቀሙበትም ይህንኑ ነው። እኔ ግን ሁሉም እኩል ይጠየቅ አላልሁም። የምለው ጥፋተኛውን ያገኘ ሰው፥ ያ ጥፋተኛ በሌለበት ሥራውን ደግሞ ይፈትነው ነው። በሳርዲኒያ ያደረጉት ይህን ነው፤ የገዛ እሳታቸው የገዛ ቃላቸውን እስኪያስተባብል ድረስ ሞተሩን ለኰሱት። ያን ሳያደርጉ በሪፖርቱ ተማምነው ቢያበርሩት ኖሮ የሚጠፋው ሌላ ሳተላይት ነበር።

መዘግየቱም ዋጋ አስከፍሏል። ፕሌያድ ኔዎዎቹ ኢንሹራንስ ነበራቸው። ነገር ግን ከእነርሱ በኋላ ተራዋን የምትጠብቅ ሴንቲኔል 1ሲ የተባለች ሌላ ሳተላይት ነበረች፤ በደመናና በጨለማ ውስጥ ጎርፍንና በረዶን በራዳር የምታይ ናት። እኅቷ ሴንቲኔል 1ቢ በዲሴምበር 2021 ስለ ተበላሸች አንዲቱ ብቻዋን ትሠራ ነበር። ቬጋ ሲ ሁለት ዓመት ያህል ሲቆም የጎደለውን ማየት ኢንሹራንስ አይከፍለውም።

አዲሱ ጕሮሮ በ2024 በሜይና በኦክቶበር ተፈትኖ ጸና፤ በዲሴምበር 5 ቀን 2024 ሮኬቱ ሴንቲኔል 1ሲን በደኅና አደረሰ። እኔ ግን ዛሬም የማስበው የፊተኛውን ቀለበት ተቀብሎ የፈረመውን ሰው ነው። ስሙ አያስፈልገኝም። ልጠይቀው የምወድደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀለበቱን በእጁ ይዞ ሳለ፥ በወረቀቱ ላይ ስፍራ ያልተሰጠው ጥያቄ በልቡ መጥቶበት ነበርን?