ስለ ሌላው መናገር

ሰው ስለ ሌላው ሰው የመናገር ሥልጣን ከወዴት ያገኛል? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሴቶች ዓመት ብሎ በሰየመው በ1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የ133 መንግሥታት መልእክተኞች በሜክሲኮ ከተማ በተሰበሰቡ ጊዜ ይህ ጥያቄ በግልጽ ተነሣ።

ከመንግሥታቱ ጉባኤ ጎን ለጎን በሺህ የሚቆጠሩ የሴቶች መብት ታጋዮች በተገናኙበት መድረክ፣ የቦሊቪያ ማዕድን ሠራተኛ ሚስትና የሲግሎ ቬንቴ የቤት እመቤቶች ኮሚቴ መሪ የነበረችው ዶሚቲላ ባሪዮስ ደ ቹንጋራ ተናገረች። በእርስዋ አመለካከት፣ የባለጸጋዋና የማዕድን ሠራተኛው ሚስት ኑሮ እስካልተመሳሰለ ድረስ «እኛ ሴቶች» ማለት ብቻውን አንድ አያደርጋቸውም፤ የሴቶች ጥያቄም ከራብ፣ ከደመወዝ ማነስና ከወታደራዊ አገዛዝ ጭቆና ተነጥሎ አይታይም።

እንዲህ ያለው ንግግር አንድነትን ያናጋል የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ተሸፍኖ የቆየ ልዩነት ውሎ አድሮ መፈንዳቱ አይቀርም፤ የጸና ኅብረት የሚገኘው ልዩነቱ ተገልጦ ሲመረመር ነው።

በሌላ በኩል፣ ሁሉም ስለ ራሱ ብቻ ይናገር ከተባለ ከጉባኤው ደጅ መድረስ የማይችሉት ጭቁን ሴቶች ሰሚ ያጣሉ። ስለዚህ ስለ ሌላው መናገር አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን አደራ ነው። አደራ ተቀባይ የተሰጠውን ጠብቆ ባለቤቱ ሲመጣ ያስረክባል። ባለቤቲቱ በደጅ ቆማ ሳለች በስሟ መናገሩን የሚቀጥል፣ ዓላማው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ አደራ በላ ነው።

በሕዝብ ስም የሚናገር መሪ፣ የሚያስተምር መምህርና የሚጽፍ ደራሲ ሁሉ በዚሁ ሚዛን ይመዘናሉ፤ የተናገሩለት ሰው ራሱ ሊናገር ሲነሣ መድረኩን ይለቁለታል ወይስ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ?