ዳቦ የማይገዛ ብር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ሰው እጠብቃለሁ። ከኋላዬ የውርርድ ቤት አለ። በሩ ላይ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ መጫወት እንደማይችል ተጽፏል፤ ጽሑፉን ተደግፈው የቆሙት ልጆች ግን ገና ጢም እንኳ አላወጡም። ተቀዶ የተጣለው ቲኬት ወለሉ ላይ እንደ ገለባ ተበትኗል። ሰፈር ውስጥ ሲያድግ ያየሁት፣ አሁን የታክሲ ረዳት የሆነ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ ይዩልኝ እስቲ! ሃምሳ ብር በነፃ ሰጡኝ።»

መልእክቱን አነበብኩት። ታማኝ ደንበኛችን ስለሆንክ ይላል። የልጁ ፊት ማትሪክ ያለፈ ተማሪ ፊት መስሏል።

«እሰይ! በል እዚያ ማዶ ዳቦ በሻይ ብላበት፤ ከንፈርህ ደርቋል» አልኩት።

«አይ ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይወጣም። መጫወት ብቻ ነው የሚቻለው።»

ዛሬ ስንት እንዳስያዘ ጠየቅሁት። ጫማውን እያየ «ሦስት መቶ ምናምን» አለኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ ታክሲ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ የጮኸበት ገንዘብ ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «በል በርታ» ብዬው መንገዴን ቀጠልኩ። ትልቅ ሰው ተብዬ፣ በርታ አልኩት! የዚያን ዕለት ልለው የሚገባኝን ውጬ መሄዴ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። አሁን እናገረዋለሁ፤ ለእሱም፣ መልእክቱን ለላኩለትም፣ ቤቱን ላከራየውም፣ እንደ እኔ አይቶ ላለፈውም።

ቦነስ ላኪዎች ሆይ፣ ከእናንተ ልጀምር። ስጦታ የሚባለው ከሰጪው እጅ ወጥቶ የተቀባዩ የሆነ ነገር ነው። የእናንተ ሃምሳ ብር ከእጃችሁ መቼ ወጣ? ልጁ ዳቦ አይገዛበትም፤ እናቱን አይረዳበትም፤ ከእናንተ መስኮት በቀር የሚያውቀው መንገድ የለውም። ዶሮን ሲደልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። እናንተ መጫኛውን ቦነስ አላችሁት።

ዘዴው ባሕር ማዶም ያለ ነው። በካሪቢያን ባሕር ላይ የሚመላለሱት ታላላቅ የሽርሽር መርከቦች ሆዳቸው ውስጥ ካዚኖ አለ። መርከቡ ወደብ ላይ ሲቆም ካዚኖው አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋል፤ ከየብሱ ሕግ ርቆ ወደ ባሕሩ ሲገባ ይከፈታል። መንገደኛው የመኝታ ክፍሉን የሚከፍትበትን ካርድ ቁማር ማሽኑ ላይ ይሰካል፤ ከዚያ በኋላ ያስያዘው እያንዳንዱ ዶላር ይመዘገባል። ሮያል ካሪቢያን የተባለው ኩባንያ በማሽኑ ላይ ለተጫወተ በየ5 ዶላሩ አንድ ነጥብ ይቆጥርለታል። ነጥቡ ሲጠራቀም መጠጡ በነፃ ይሆናል፤ ሲበዛ ለሚቀጥለው ጉዞ ክፍል ይሰጠዋል። ሰውየው ከአገሩ ሲነሣ ተጋባዥ ነኝ ይላል። ልብ በሉ፤ ነጥብ የሚቆጠረው ባሸነፈው ልክ አይደለም፤ ባስያዘው ልክ ነው። ብዙ የሚከብረው ብዙ ያስያዘው ነው፤ ቤቱ ከሚይዘው ላይ ሁልጊዜ የራሱን ስለሚያስቀር፣ የሚከብረው በስተመጨረሻ ብዙ የተበላው ነው።

የእኛ ልጅ ባሕርም መርከብም አላየም። የእሱ መርከብ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ለእናቶቻችን ገንዘብ መላኪያ፣ ለባለሱቁ መገበያያ ሆኖ መጣ፤ መልካም ነገር ነው። በዚያው መንገድ ግን ውርርዱም ከመደብሩ ወጥቶ መኝታ ቤት ገባ። ድሮ ቁማርተኛ ወደ ቁማር ቤት ይሄድ ነበር፤ ሲሄድም አጥር ለአጥር እየተሸሸገ ነበር። ዛሬ ቁማሩ ራሱ እየመጣ ይቀሰቅሰዋል፤ ለሁለት ቀን ቢጠፋበት «የት ጠፋህ» የሚል መልእክት ከነሃምሳ ብሩ ይልክበታል። ታሞ ተኝቶ ቢሆን ማንም እንዲህ አልጠየቀውም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ልጄ። ቁጣዬን ስማው፤ ስለምወድህ ነው የምቆጣህ።

አንተ 12 ሰው ጭነህ፣ አንዱ መቶ ብር፣ አንዱ ሃምሳ ብር፣ አንዱ የተቀዳደደ አሥር ብር ሰጥቶህ፣ መኪናው እየሮጠ፣ መልስ ሳትሳሳት የምትመልስ ልጅ ነህ። የ12 ሰው ሒሳብ በቃሉ የሚይዝ ጭንቅላት የ10 ጨዋታ ሒሳብ እንዴት ጠፋው? ና፣ አብረን እንሥራው።

ሳንቲም ሲወረወር ዘውድ ወይ ጎፈር ነው፤ እኩል ነው። አንድ ብር ያስያዘ ሰው ሲያሸንፍ ሁለት ብር ቢቀበል ማንም ማንንም አልበደለም። ቤቱ ግን ሁለት ብሎ አይጽፍም፤ ለምሳሌ 1.90 ይላል። አሥር ሳንቲም ናት፤ ማን ያያታል? አንተም አላየሃትም። አንድ ቲኬት ላይ አሥር እንዲህ ያለ ጨዋታ ስትደረድር ግን አሥሯ ሳንቲም በራሷ ላይ እየተባዛች ትሄዳለች። 20 ብር አስይዘህ አሥሩም ቢመጡልህ፣ በትክክለኛው ዋጋ 20,480 ብር ይገባህ ነበር። በቤቱ ዋጋ የምታገኘው 12,262 ብር ነው። ከ8,000 ብር በላይ ገና ሳትቆርጥ ተቆርጦብሃል፤ ያውም አሥሩም የሚመጡበት ዕድል ከ1,024 አንድ ብቻ ነው። በዚህ ላይ «ብዙ ጨዋታ ስለደረደርክ 10 በመቶ ቦነስ» ይልሃል። 10 በመቶው 1,226 ብር ነው። 8,218 ወስዶ 1,226 የመለሰልህን ሰው «ጨመረልኝ» ትለዋለህ? ተሳፋሪ እንዲህ ቢያደርግህ አንገቱን ይዘህ ከታክሲ ታወርደው ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ ከዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ ግብር ያስቆርጣል፤ ያንንም ጨምረው።

ቦነሱ ጨዋታው በበዛ ቁጥር ለምን እንደሚያድግ ገባህ አይደል? አንድ ጨዋታ ብቻ የቆረጠ ከመቶ ብሩ በአማካይ አምስት ብር ይቀርበታል። አሥር የደረደረ ወደ አርባ ብር ይቀርበታል። ቤቱ አሥር እንድትደረድር የሚለምንህ ለዚህ ነው፤ ቦነሱ የልመናው ዋጋ ነው።

ከሁሉ የምታሳዝነኝ «በአንድ ጨዋታ ተቀደደብኝ» እያልክ ስትምል ነው። ያን ቲኬት አጣጥፈህ ኪስህ ትይዘዋለህ፤ ለጓደኛ ታሳየዋለህ፤ ዕድል በርህን አንኳኩታ የሄደች ይመስልሃል። አላንኳኳችም። በዚያው በሳንቲሙ ምሳሌ፣ አሥሩም የሚመጡበት መንገድ አንድ ሲሆን ዘጠኝ መጥተው አንዱ የሚቀርበት መንገድ አሥር ነው። በአንድ መቀደድ ለማንም የሚደርስ ተራ ነገር ነው፤ ከተሸናፊው መንጋ ለይቶ አያወጣህም። ቤቱ ይህን ስለሚያውቅ ነው በአንድ ለተቀደደበት ያስያዘውን በቦነስ መልክ የሚመልስለት። ቁስልህ ሳይጠግግ፣ ንዴትህ ሳይበርድ እንድትመለስ ይፈልግሃል።

ታማኝ ደንበኛ ብለውሃል፤ ደስ ብሎሃል። ለማን ታምነህ ነው? የባለመኪናውን ገቢ አጉድለህ «ትራፊክ ቀጣን» ያልክበት ቀን የለም? እናትህ ለታናሽ እኅትህ ደብተር ያስቀመጠችውን ከብርጭቆ ሥር አንሥተህ «እመልሰዋለሁ» ብለህ መቼ መለስክ? ጓደኛህ ያበደረህን አምስት መቶ ብር ላለመክፈል በአጠና ተራ በኩል ዞረህ ወደ ቤትህ የምትገባው እስከ መቼ ነው? በዚህ ሰፈር ለሚያውቅህ ሁሉ ቃልህን አፍርሰህ፣ ስምህን እንኳ በቅጡ ለማያውቅ ማሽን ታመንክ። ለማኝ እንዳትባል እጅህን የማትዘረጋ ኩሩ ልጅ ነበርክ። አሁን የገዛ ላብህን ፍርፋሪ ከሌላ እጅ ተቀብለህ አመሰግናለሁ ትላለህ። ይህ ነው ያሳፈረኝ። ብሩ መጥፋቱ ያሳዝናል፤ በመጥፋቱ መሸለምህ ግን ክብርህን ነካው።

ኮልፌ አዛንም ቅዳሴም የሚሰማበት ሰፈር ነው፤ ማንም አላወቅሁም አይበል። ቁርኣን በአል ማኢዳ ምዕራፍ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጎን አቁሞ የሰይጣን ሥራ ነው ይላል። የሐዋርያት ቀኖና ቁማር አልተው ያለ ካህን ከክህነቱ እንዲሻር ያዛል። አባቶች ካህኑን እንኳ ያልማሩበትን ነገር ነው እኛ «ወጣት ነው፣ ይጫወት» እያልን የምናልፈው።

እኛ ያልኩት አውቄ ነው። አንተ አከራይ፣ ጥጉ ላይ ያለችውን ክፍል ሃያ ዓመት የሰፋባትን ልብስ ሰፊ አስወጥተህ ለውርርድ ቤት የሰጠኸው፤ «የዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ ከፈሉኝ፣ ምን ላድርግ» ብለኸኛል። ልብስ ሰፊው በወሩ ይከፍልህ ነበር፤ የልጆችህን ዩኒፎርም እየለካ ነው የከፈለህ። እነዚህ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጊዜ ከየት አምጥተው እንደከፈሉህ ጠይቀሃል? ከዚያ ልጅ ምሳ ነው። ልጅህ ደግሞ 17 ዓመቱ ነው፤ ባለፈው ሳምንት እዚያው በር ላይ አይቼዋለሁ። ውሉ ሲያልቅ አታድስ። ልብስ ሰፊው አሁንም ከመስጊዱ በታች ላስቲክ ወጥሮ ይሰፋል፤ ሂድና ጥራው።

መንግሥትም አለበት። ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሸጥ አዟሪው በካፌው በር አልፎ ይሄዳል፤ ካልገዛህ አልገዛህም፤ እቤትህ ድረስ አይከተልህም። ለውርርዱም ፈቃድ የሰጠው ይኸው ሎተሪውን የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማችን ብዙ የውርርድ ቤቶች ሲታሸጉ ሰፈሩ እሰይ ብሎ ነበር። የእነዚያ በር ታሸገ፤ ስልኩ ክፍት ቀረ። ቢያንስ ይህን ቦነስ የሚሉትን ማባበያ ከልክሉ፤ ገንዘብ ከሆነ እንደ ገንዘብ ይውጣ፣ የማይወጣ ከሆነ ገንዘብ ተብሎ አይላክ።

ዕጣ በራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም። የዚህ ልጅ እናት በየእሑዱ የምትጥለው ዕቁብም ዕጣ አለው። ዳኛው ፊት ወረቀቱ ተጠቅልሎ ይወጣል፤ የወጣላት እልል ትላለች፤ ያልወጣላት ተራዋን ትጠብቃለች። ሰብሳቢው ከመካከል የሚያስቀረው ጥቂት ነው፤ የማንም ተራ አይቀርም። በዚያ ዕጣ ቤት ተሠርቶበታል፤ ሙሽራ ተድሮበታል፤ ሬሳ ተነሥቶበታል። ባለፈው እሑድ እኔም ባለሁበት እናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎደለባት። አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ዝም ብላ ሞላችላት። ማንም ምንም አልተናገረም፤ ሁሉም ግን ገንዘቡ የት እንደገባ ያውቃል።

ከዕቁቡ ወጥቼ ልጁን ፈልጌ አገኘሁት። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ይህን ሁሉ፣ ሒሳቡንም ጭምር፣ በቲኬት ጀርባ እየጻፍኩ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ሊነሣ ሲል ስልኩ ነዘረ። አወጣና አነበበው፤ ከዚያም ለእኔ ሰጠኝ። ነፃው ሃምሳ ብር እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ካልተጫወትክበት ይሰረዛል ይላል።

«ጋሼ፣ ሊሰረዝ ነው እኮ» አለኝ።

«ይሰረዝ» አልኩት።