የማይሰማን ዕቃ ስለ መንከባከብ

ሰው ከመሣሪያዎቹ ጋር ያለው ግንኙነት አብዛኛውን ጊዜ የሚመረመረው ከአፈጣጠራቸውና ከጥቅማቸው አንጻር ነው። ማን ፈለሰፈው? ምን ያህል ይፈጥናል? ምን ያህል ይሸከማል? ተብሎ ይጠየቃል። መሣሪያው ከተሠራ በኋላ በየሳምንቱ የሚታጠበው፣ የሚወለወለውና ዘይት የሚቀባው በማን እጅ እንደሆነ፣ ያም እጅ ይህን ሲያደርግ ምን ዓይነት ተግባር እየፈጸመ እንደሆነ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ተራ ምሳሌ አማካይነት ለማንሣት ይሞክራል፤ ይኸውም ሞተር ብስክሌትን በቤት ደጃፍ ማጽዳትና መወልወል ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በአንድ የገጠር ወረዳ የሚሠራን የግብርና ባለሙያ እናስብ። የሚነዳው ሞተር ብስክሌት የመሥሪያ ቤቱ እንጂ የግሉ አይደለም። ክረምቱን ከቀበሌ ቀበሌ ሲመላለስበት ጭቃው ከጎማው አልፎ ሞተሩን ይሸፍነዋል። እሑድ ጠዋት ከደጃፉ ያቆመውና ባልዲ ውሃ፣ ሳሙና፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ቡትቶ ጨርቅ አቅርቦ ሁለት ሰዓት ያህል ይደክምበታል። በዚያ የሚያልፍ ጎረቤት «ነገ ተመልሶ ለሚጨቀይ፣ ያውም ያንተ ላልሆነ ዕቃ፣ ምን ያደክምሃል?» ቢለው ምን ይመልሳል? ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ሁለት ከባድ ጉዳዮችን ያዘለ ነው። አንደኛው፣ ለማይሰማና ለማያመሰግን ነገር የሰው ልጅ ግዴታ አለበት ወይ? የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ተፈጽሞ ሳያበቃ የሚፈርስ ሥራ የሥራ ክብር ይገባዋል ወይ? የሚለው ነው።

አያቶቻችንን የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ አላስቸገራቸውም፤ የሚያጓጉዛቸው ሕይወት ያለው ፍጡር ነበርና። ፈረስ ሲታጠብና ጀርባው ሲታሽ ይሰማዋል፤ የሚያበላውንና የሚጠብቀውን ይለያል። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሶቻቸው ስም መጠራታቸው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» መባላቸው፣ በጋላቢና በፈረስ መካከል ምን ያህል የጠበቀ ዝምድና እንደነበረ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1885 ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ በጀርመን አገር ከእንጨት በተሠራ አካል ላይ የነዳጅ ሞተር ገጥመው የዛሬውን ሞተር ብስክሌት ቀዳሚ ሲሠሩ፣ ነጂው እንደ ፈረሰኛ በኮርቻ ላይ እንዲቀመጥ አደረጉ። እንግዲህ ኮርቻው ቀረ፤ የሚሰማው ፍጡር ግን ከኮርቻው ሥር ወጣ። ለፈረሱ ይደረግ የነበረው እንክብካቤ ለብረቱ ሊተላለፍ ይገባ እንደሆነ መጠየቅ የግድ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ ሥራውን ራሱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ጽዳት ከሁሉ አስቀድሞ የማወቅ ሥራ ነው። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ ከዚያም ጭቃው በውሃ ርሶ ይነሣል፤ በደረቁ ቢፈተግ በውስጡ ያለው አሸዋ ቀለሙን ይጭረዋልና። ጭቃው ሲለቅ ከሥሩ ተሸሽጎ የነበረው ሁሉ ብቅ ይላል፤ የላላ ቡሎን፣ የተሰነጠቀ ጎማ፣ የተበጠሰ የቸርኬ ሽቦ፣ ከሞተሩ ግርጌ የሚያንጠባጥብ ዘይት። ካቴናው በነጭ ጋዝና በብሩሽ ሲታጠብ ምን ያህል እንደረገበና ጥርሱ ምን ያህል እንደተበላ በእጅ ይታወቃል። ይህም ሞተሩ ሳይጠፋ የሚሞከር አይደለም፤ ወደሚሽከረከር ካቴና ጨርቅ ያስጠጋ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል። በኃይል የሚረጭ ውሃም ቢሆን ጊዜ ያተረፈ ይመስላል እንጂ፣ ወደ ኩሽኔታው ዘልቆ ግሪሱን ያጥበዋል። ስለሆነም በትዕግሥት የሚያጸዳ ሰው ንጽሕናን ብቻ ሳይሆን እውነትንም ይፈልጋል ማለት ይቻላል። ከዕቃው ላይ ጭቃውን ሲያነሣ ከራሱ ላይ ደግሞ «ደኅና ነው» የሚለውን ባዶ እምነት ያነሣል።

ውልወላ ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። ጽዳት ሲገልጥ ውልወላ ሊሸፍን ይችላል። ለገበያ የቀረበ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ከሁሉ ይልቅ የሚያብረቀርቀው ብዙ ጊዜ ገዥው እንዲያይ ያልተፈለገ ነገር ሲኖረው ነው፤ ላይ ላዩ መስታወት ይመስላል፣ ውስጡን ለቄስ። ከዚህም በላይ ውልወላ የሚወልወለውን ነገር ይበላዋል። በማርሚታው ወይም በመሪው ላይ የሚያብለጨልጨው የክሮም ልባስ አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያንሳል፤ በሻካራ መወልወያ ደጋግሞ የሚያሸው ሰው ልባሱን ጨርሶ ብረቱን ለዝገት ያጋልጠዋል። አሉሚኒየም በአየር ውስጥ ሲሆን በራሱ ላይ ስስ መከላከያ ይፈጥራል፤ የሚያፈዘውን ይህን ልባስ በውልወላ ብናነሣው እንደገና ይፈጠራል፤ በየጊዜው ግን ከብረቱ ጥቂት ይጎድላል። ውበትን ያለ ልክ መሻት ውብ የሆነውን ነገር ሊያጠፋው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ተጨባጭ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

አደጋውም በዕቃው ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። ለቀለሙ ጌጥ የሆነው ሰም ወይም ዘይት የጎማውን መንገድ የሚነካ ክፍል ወይም የፍሬኑን ዲስክ የቀባ እንደሆነ፣ ያ ያማረ ሞተር ብስክሌት በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ነጂውን ሊጥል፣ መንገድ በሚሻገር ሕፃን ፊት መቆም ሊሳነው ይችላል። ለዐይን ተብሎ የተደረገው ነገር ነፍስ የሚያጠፋበት ቦታ እነሆ እዚህ ነው። ቢሆንም ውልወላ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በቀለም ላይ በልኩ የተቀባ ሰም ውሃ እንዳይቀመጥበት ያደርጋል። ብረትን የሚያዝገው ውሃና አየር ስለሆነ፣ በደረቅ ጨርቅ መወልወልና ስስ ዘይት መቀባት የዕቃውን ዕድሜ ያረዝማል። ልዩነቱ ያለው በእጁ እንቅስቃሴ ላይ ሳይሆን በእጁ ሐሳብ ላይ ነው፤ አንዱ ለመጠበቅ፣ ሌላው ለመታየት ይወለውላል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ነገ የሚፈርስ ሥራ ክብር የመኖሩ ጉዳይ፣ በሥነ ጥበብ ዓለምም የተነሣ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ጥበብ ሰው ሚየርል ላደርማን ዩከለስ እ.ኤ.አ. በ1969 የጥገናና የጽዳት ሥራ ራሱ ሥነ ጥበብ ነው የሚል መግለጫ ጻፈች። በ1973 ደግሞ በሃርትፎርድ ከተማ የሚገኘውን የዋድስወርዝ አቴነም ሙዚየም ደረጃዎች በሕዝብ ፊት አጠበች። ሙዚየሙ የሚያከብራቸው ሥዕሎች ሳይበላሹ የሚኖሩት ስማቸው በማይጠራ እጆች መሆኑን ለማሳየት የፈለገች ይመስላል። በአገራችንም ቢሆን ችግሩ አዲስ አይደለም። ማረሻውን ከቀጠቀጠው፣ ሸማውን ከሸመነው፣ እንስራውን ከሠራችው እጅ እየተጠቀመ ባለእጁን የሚንቅ ልማድ ለረጅም ዘመን ኖሯል፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱትም ስለዚሁ ነው። የሠሪው እጅ እንዲህ ከተናቀ የጠጋኙና የአጣቢው እጅ ይበልጥ መናቁ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ምግብ ማብሰልም፣ ሕፃን ማጠብም፣ እርሻ ማረምም በየጊዜው የሚፈርሱ ሥራዎች ናቸው፤ ሕይወት የቆመችው ግን በእነርሱ ላይ ነው።

አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ ባለሙያ የሠራውን ዕቃ የሚወደው ዕቃው ነፍስ ቢዘራ እርሱን ከሚወደው አብልጦ እንደሆነ ይናገራል። ምክንያቱም ሠሪው በሥራው ውስጥ የራሱን ሕልውና ስለሚያይ ነው። የግብርና ባለሙያችን ሞተር ብስክሌቱን አልሠራውም፤ ገንዘቡንም አላወጣበትም። ነገር ግን ቡሎኑን ባጠበቀ፣ ካቴናውን ዘይት ባጠጣ ቁጥር፣ በሩቅ አገር ፋብሪካ የተጀመረውን ሥራ ከደጃፉ ሆኖ ይቀጥለዋል። በዚህም የተነሣ የአሠሪነት ሳይሆን የሠሪነት ድርሻ ያገኛል።

እንግዲህ ለጎረቤቱ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ይህ ሊሆን ይችላል። ግዴታው ለብረቱ አይደለም፤ ብረት ባለዕዳ አያደርግም። ግዴታው በብረቱ በኩል ለሰዎች የሚያልፍ ነው። ከእርሱ በኋላ ያንኑ ሞተር ብስክሌት ተረክቦ ለሚነዳው ባልደረባ፣ በመንገዱ ዳር ለሚሄዱት፣ ሰብሉ ተመትቶ ባለሙያውን ለሚጠብቀው ገበሬ፣ ከግብሩ ከፍሎ ዕቃውን ለገዛው ሕዝብ ነው። የግል የሆነውን ማንም ይወለውላል፤ የሰው ጠባይ ይበልጥ የሚታወቀው የጋራ የሆነውን ሲያጸዳ ነው። ስለዚህም የታጠበው ሞተር ብስክሌት ሰኞ ማለዳ ተመልሶ ጭቃ ውስጥ ቢገባ የእሑዱ ድካም ከንቱ ሆነ አይባልም፤ ፍሬኑ ሲያዝ የሚይዝ፣ ቡሎኑም የጠበቀ መሆኑን ነጂው አውቆ ይወጣልና።